ዘግይቶ የሚነሣው ሳቅ

የቤቱን ገመና በአደባባይ ቸርችሮ ስም የገዛ ሰው፣ ስሙ በረከሰ ቀን የሚመለስበት ቤት አያገኝም። በደልም ይበልጥ የሚከብደው በተሠራበት ሰዓት ሳይሆን፣ በአንድ ቃል ሊታረም ሲችል ቃሉ በታፈነበት ሰዓት ነው። ይህን ለማያምን ሰው፣ በቴሌቪዥን አስቂኝ ድራማ ደራሲነትና አዘጋጅነት ስሙ የገነነ አንድ ሰው በአንዲት ቅዳሜ ያደረገውንና ሳያደርግ የቀረውን መንገር ይበቃል።

ቅዳሜ ቀትር ላይ ደራሲው ወደ እኅቱ ቤት ደረጃ እየወጣ ነበር። እኅቱ የምትኖረው በአንድ አሮጌ ሕንጻ ሦስተኛ ፎቅ ላይ ነው። የደረጃው መደገፊያ ብረት በብዙ እጅ ተልጦ ያብረቀርቃል፤ በየደጃፉ የጫማ መደርደሪያ፣ የፕላስቲክ ባልዲና ጠጉሩ ያለቀ መጥረጊያ ቆሟል። በእጁ ከትልቁ ኬክ ቤት የገዛውን ኬክ በካርቶን ይዟል። ኬኩ ውድ ነው፤ በዚያ ሕንጻ ለሚኖር ቤተሰብ የሳምንት አስቤዛ ያወጣል። ደራሲው ግን ዋጋውን ሲከፍል ቅር አላለውም፤ በደሉን በስጦታ የሚመዝን ሰው ሚዛኑ ምንጊዜም ወደ ራሱ ያጋድልለታልና። ሁለተኛውን ፎቅ እንዳለፈ ከላይ ድምፅ ሰማ። የእኅቱ ልጅ እያለቀሰች ትለምናለች። «አባዬ፣ በሞቴ! እስከ ነገ እንኳ ቆይ!» የእኅቱም ድምፅ አለበት፤ የምትለው ግን አይለይም። ደወሉን ሲጫን ድምፁ ሁሉ እንደተዘጋ ቧንቧ ቀጥ አለ። ከበሩ ጀርባ የልጅቱ ሹክሹክታ ብቻ አመለጠ።

«አጎቴ ነው። ዝም በሉ፤ ይጽፈዋል።»

ይህች ቃል ደራሲውን ደጃፉ ላይ ተከለችው። ጋዜጦች ብዙ ብለውበታል፤ የቀልድ አባት ያሉት አሉ፣ ያረጀ ቀልድ አጥቦ የሚሸጥ ያሉትም አሉ። አንዱም ግን እንደዚህች ሹክሹክታ አጥንቱ ድረስ አልዘለቀም። ጥቂት ቆይቶ በሩ ተከፈተና ልጅቱ ዐይኗን በእጅጌዋ ጠርጋ ጉንጯን ሰጠችው። «ደህና ዋልክ አጎቴ» ብላ ኬኩን ተቀበለችው፤ ካርቶኑን እንኳ ሳትከፍት ወስዳ ፍሪጁ ላይ አኖረችው።

ሳሎኑ ጠባብ ነው። ሁለት ሶፋዎች፣ ጠርዙ የተሸረፈ መስተዋት የለበሰ ጠረጴዛ፣ ከመስኮቱ ሥር የእኅቱ የልብስ ስፌት መኪና፣ ከግድግዳው ላይ የሠርጋቸው ፎቶግራፍ። ደራሲው ይህን ክፍል እንደ መዳፉ ያውቀዋል፤ እናታቸው ከሞተች በኋላ እኅቱና ባሏ እንደ ልጃቸው ያሳደጉት እዚሁ ነው፣ የመጀመሪያ ቀልዶቹንም የጻፈው በዚሁ ጠረጴዛ ላይ ነው። ዛሬ አንድ ነገር ተለውጧል። ቀድሞ እንደ ሽማግሌ የክብር ቦታ ይዞ ይቀመጥ የነበረው ቴሌቪዥን የአልጋ ልብስ ተጥሎበት ፊቱን ወደ ግድግዳ አዙሯል። ደራሲው ይህን አይቶ እንዳላየ ሆነ። ሦስቱም ለምሳ ቀረቡ፤ ሩዝና ድንች ነበረ። የቤቱ አባወራ ወንበር ባዶ ነው። እኅቱ ስለ ዘይት ዋጋ ተናገረች፤ ደራሲው ባሰበት አለ። ልጅቱ ውኃ ከትናንት ወዲያ ጀምሮ እንደጠፋ ተናገረች፤ ደራሲው በኛም ሰፈር ጠፍቷል አለ፤ በእርሱ ሰፈር ግን አልጠፋም ነበር። ከዚያ በኋላ የማንኪያ ድምፅ ብቻ ተሰማ። ከመኝታ ቤቱ በኩል የሻንጣ ዚፕ ሲሳብ፣ መሐል ላይ ሲይዝ፣ ተመልሶ ደግሞ ሲሳብ ሦስቱም ሰሙ።

እኅቱ ሳሕኖቹን ሰብስባ ወደ ጓዳ ስትገባ በዐይኗ ጠራችው። ተከተላት። በሩን መለስ አድርጋ እጆቿን በሽርጧ አደረቀች።

«አንድ ነገር ልጠይቅህ። እንዳትስቅብኝ።»

«ጠይቂኝ እትዬ።»

«ያ ሳቅ የኔ ነው?»

ነገሩ እንዲህ ነው። የእኅቱ ባል የጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካ ንብረት ክፍል ኃላፊ ነበር። ፋብሪካው ሠራተኛ ሲቀንስ እርሱም ተቀነሰ፤ ለሚስቱ ግን አልነገራትም። ጠዋት ጠዋት ጢሙን ተላጭቶ፣ ክራቫቱን አስሮ፣ ቦርሳውን አንጠልጥሎ ይወጣና የአውቶቡስ መናኸሪያ መጠበቂያ ክፍል ውስጥ፣ ሻንጣ ከያዘው መንገደኛ መሐል፣ እስከ ማታ ይቀመጣል። ሚስቱ ነገሩን ከሰው ሰማች። ሰምታም ምንም አልተነፈሰችም፤ እንደ ወትሮው ምሳውን በምሳ ዕቃ ቋጥራ፣ በር ላይ አቀብላ፣ «መልካም ሥራ» ብላ ትሸኘዋለች። ባልየው በአንድ የቀለም መደብር ሌላ ሥራ እስኪያገኝ ድረስ ወራት እንዲህ አለፉ፤ ሁለቱም ስለዚህ ጉዳይ አንድ ቀን አልተነጋገሩም። እርሷ የተነፈሰችው ለወንድሟ ብቻ ነው፤ በዚሁ ጓዳ፣ በዚሁ መታጠቢያ አጠገብ ቆማ አልቅሳ። «ከዚህች ጓዳ እንዳይወጣ» አለችው፤ እርሱም በእናታቸው ስም ማለላት። መሐላውን የጠበቀው ሐሳብ እስኪነጥፍበት ድረስ ነበር። ባለፈው ረቡዕ «ጎረቤት አይስማ» በተባለው ድራማው፣ ሥራ የሌለው ባል ቦርሳ ይዞ ሲወጣ ሚስቱ በር ላይ ምሳ ዕቃ አቀበለችው። ምሳ ዕቃው በየቀኑ እያደገ ሄዶ በመጨረሻ ሁለት ወዛደሮች ተሸከሙት። ሚስቲቱ «መልካም ሥራ!» ስትል ደግሞ፣ ጸጥ ባለው መሐል አንዲት ሴት ብቻዋን ሳቀች። ሌላው ሰው ከሳቀ በኋላ የሚነሣ፣ መጀመሪያ ትንፋሽ ያጠረው የሚመስል፣ ከዚያ ከፍ ከፍ የሚል ሳቅ ነው። ያንን ሳቅ የሰማ ሰው አይረሳውም።

«እሱ ከዚያ ማታ ጀምሮ አላናገረኝም» አለች እኅቱ። «'ሳቅሽን ዐውቀዋለሁ' ብቻ ነው ያለኝ። ቀረጻው ዕለት ቤት አልነበርኩም፤ የታመመች ጓደኛዬን ልጠይቅ ወጥቼ ነበር። አዳራሽ ተቀምጣ ስቃብኛለች ብሏል በሆዱ። እኔ እዚያ አዳራሽ ከረገጥኩ ስንት ዘመኔ! ግን እኮ... እኔም ሰማሁት። የራሴን ሳቅ። አእምሮዬን የሳትኩ መሰለኝ። ዛሬ ማታ በአውቶቡስ ወደ ታናሽ ወንድሙ አገር ሊሄድ ነው፤ እመለሳለሁ አላለም። አንተ ታውቃለህ፤ እስቲ ንገረኝ።»

ደራሲው ያውቃል። በድራማው መክፈቻ ላይ በየሳምንቱ «በተመልካች ፊት የተቀረጸ» የሚል ጽሑፍ ይወጣል፤ እውነቱ ግን አዳራሹ ወጪ ይቀነስ ተብሎ ከተዘጋ ብዙ ዓመት ሆኖታል። ሳቁ የሚመጣው በመጀመሪያዎቹ ቀረጻዎች ጊዜ ከተቀዳው ክምችት እየተቆረጠ ነው። ያኔ ወንበሩን የሚሞላ ሰው ጠፍቶ ደራሲው እኅቱንና ባሏን ከፊት አስቀምጧቸው ነበር። የእርሷ ሳቅ ከብዙ ሳቅ ሥር ተቀብሮ ለዓመታት ሲያገለግል ኖረ፤ ባለፈው ረቡዕ ግን ለብቻው ገባ። ደራሲው በቅንብሩ ዕለት ሰምቶ ዐውቆታል፤ ዐውቆም «ጥሩ ነው፣ ይለፍ» ብሏል። አሁን የሚፈለግበት አንድ ዐረፍተ ነገር ነው። ይሁን እንጂ ያ ዐረፍተ ነገር ከዚህ ጓዳ ቢወጣ፣ እርሱ ራሱ የሌላውን ነገር እንዳወጣው ሁሉ፣ የት ድረስ እንደሚሄድ ታየው። በዚያው ዕለት ከቀትር በኋላ ደግሞ ከአንድ የሳሙና ፋብሪካ ጋር ትልቅ ውል ሊፈራረም ነበር።

«የሰው ሳቅ እኮ ይመሳሰላል እትዬ» አላት።

«አንተ ካልክ» አለችና ፊቷን ወደ ሳሕኖቹ አዞረች። እርሷ እጇን በውኃ ስትነክር እርሱ ጀርባዋን እያየ ቆመ፤ በልጅነቱ ከትምህርት ቤት ሲመለስ የሚያየው ይህንኑ ጀርባ እንደነበረ ትዝ አለው። ከዚያ ወደ መኝታ ቤቱ ሄደ።

የእኅቱ ባል አልጋው ጫፍ ላይ ተቀምጦ ሸሚዝ ያጥፋል። ሸሚዝ አጣጠፉ እንደ ንብረት ክፍል ሰው ነው፤ ጠርዝ ከጠርዝ ገጥሞ፣ በመዳፉ ደልድሎ፣ በልክ ይደረድራል። ደራሲውን ሲያይ አልተቆጣም፤ ቦታ ለቀቀለት እንጂ።

«ጋሼ፣ ምን ነካህ? በአንድ ቀልድ ቤት ይፈርሳል እንዴ?»

«በቀልዱ መቼ ተቀየምኩ» አለ ሰውየው ከሸሚዙ ላይ ዐይኑን ሳያነሣ። «ያንተ ነገር አልገረመኝም። ውሻ በበላበት ይጮኻል፤ አንተ ደግሞ በበላህበት ትጽፋለህ። የለመድነው ነው። የአከራያችንን ሳል ጽፈሃል፣ የሟች አክስቴን አረማመድ ጽፈሃል፤ የኔ ተራ መድረሱ አይቀርም ነበር።» ሸሚዙን ሻንጣው ውስጥ አኖረ። «እኔን የቆረጠኝ ሌላ ነው። ታውቅ እንደነበር ያኔም ገምቻለሁ። ምሳ ዕቃውን ስታቀብለኝ ዐይኔን አታየኝም ነበር። ይህን እንደ ምሕረት ቆጥሬው ነው እስከ ዛሬ የኖርኩት። እዚያ መናኸሪያ ቁጭ ብዬ ክዳኑን በከፈትኩ ቁጥር፣ 'ይህቺ ሴት ዐውቃ ዝም ብላኛለች፤ እንዲህ ያለች ሴት ያለው ሰው አልተዋረደም' እል ነበር። ለካ ዐይኗን የምትሰብረው ሳቋን ልትይዝ ኖሯል።»

ደራሲው አፉን ከፈተ። ቃሉ ጥርሱ ድረስ ደርሶ ነበር። ስልኩ ጮኸ፤ የጣቢያው ሥራ አስኪያጅ ነበረች። ባለሳሙናው ካሰቡት ቀደም ብሎ እየመጣ ነው አለችው። ስልኩን ዘግቶ ተነሣ። «ጋሼ፣ አንድ የምነግርህ ነገር አለኝ። ደርሼ ልመለስ፤ ሳታገኘኝ እንዳትሄድ።»

«አውቶቡሱ ፀሐይ ስትጠልቅ ይነሣል» አለ ሰውየው ቀና ሳይል። «አንተን አይጠብቅም።»

የጣቢያው የድምፅ ክፍል ምድር ቤት ነው። ግድግዳው በእንቁላል መያዣ ካርቶን ተለብጧል፤ አየሩ የጋለ ሽቦና የኦቾሎኒ ሽታ አለው። ኦቾሎኒው የድምፅ ባለሙያው ነው። ባልደረቦቹ ጆሮ እያሉ የሚጠሩት ይህ ሰው ከደራሲው ጋር አብሮ የሸመገለ ወፍራም ተጫዋች ነው። ለክምችቱ ሳቆች ሁሉ ስም አውጥቶላቸዋል፤ በርሜሉ፣ ሳል ያነቀው፣ ሦስቱ ጎረምሶች፣ ባሏ የቆነጠጣት። ደራሲው እየተጣደፈ ገብቶ፣ ረቡዕ ዕለት ምሳ ዕቃው ላይ የገባውን ሳቅ ሳይቆረጥ፣ ከነመነሻው እንዲያሰማው ጠየቀው።

«እትዬን?» አለ ጆሮ ኦቾሎኒውን ወደ ጎን ገፋ አድርጎ። «ምነው፣ ቅሬታ መጣ? ራስህ አይደለህ እንዴ 'ለስለስ ያለች ሴት፣ ብቻዋን' ያልከኝ? ከሷ የተሻለ ከየት ላምጣልህ? ሌሎቹ ሲስቁ አበል የተከፈላቸው ነው የሚመስሉት። እሷ ከአንጀቷ ናት።»

ፈልጎ አጫወተው። መጀመሪያ የወንበሮች ሲጢጥታ፣ ከዚያ የአንድ ተዋናይ ድምፅ፣ ጥቂት ሰዎች ሳቁ፣ ጸጥታ ሆነ። በጸጥታው መሐል የአንድ ወንድ ዝቅ ያለ ሹክሹክታ ተሰማ፤ ቃሉ ባይለይም ድምፁ ይለያል። ወዲያው ትንፋሽ ሲያጥር፣ ከዚያም ያ ሳቅ ከፍ ከፍ ሲል ተሰማ። ደራሲው ወንበር ስቦ ተቀመጠ። ሹክሹክታው አሁን ሸሚዝ ሲያጥፍ ትቶት የመጣው ሰው ድምፅ ነበር።

«ምንድነው ያላት?»

«አይሰማም። እኔ ሁልጊዜ የምቆርጠው እሱን ነው።»

ደራሲው የቤቱን ነገር በአጭሩ ነገረው። ጆሮ ሰምቶ ሲያበቃ እንደ ልማዱ አልቀለደም። «ስልክህን አምጣ» አለና ቅጂውን ሳይቆርጥ ከነሹክሹክታው ጫነለት። «በል ሂድ፣ አሰማው። የራሱን ድምፅ ከሚስቱ ሳቅ አጠገብ ሲሰማ ሌላ ማስረጃ አያስፈልገውም። ሳይቃጠል በቅጠል ነው ወንድሜ። ፊርማው ይደርሳል።»

ፀሐይ ገና ከፍ ብላ ነበር። ደራሲው እውነቱን ስልኩ ውስጥ፣ ስልኩን ኪሱ ውስጥ ይዞ ደረጃውን ወጣ። ከደረጃው ራስ ላይ ሥራ አስኪያጇ ቆማለች። «የት ጠፋህ? ሰውየው ደርሷል!» ብላ ክንዱን ያዘችው። አንድ ሰው ክንዱን ሲይዙት ሊያስለቅቅ ይችላል፤ ደራሲው አላስለቀቀም።

ባለሳሙናው ነጭ ሸሚዝ የለበሰ፣ ሲናገር ጣቶቹን እንደሚታጠብ ሰው የሚያፋትግ አጭር ሰው ነበር። የስብሰባው ክፍል ሰፊ ነው፤ ጠረጴዛው ላይ የታሸገ ውኃ፣ ደረቅ ብስኩትና የሚፈረመው ውል ተደርድሯል። ፋብሪካው የሚቀጥለውን ዓመት ድራማ ሙሉ ወጪ ይሸፍናል፤ አንድ ነገር ግን ይፈልጋል፣ ሳቁ ሁሉ አዳራሽ ከተቀመጠ ተመልካች የተገኘ እንደሆነ ደራሲው በፊርማው እንዲያረጋግጥ።

«የኛ ሳሙና ንጹሕ ነው ብለን ነው የምንሸጠው» አለ ባለሳሙናው። «በተቀዳ ሳቅ ካስተዋወቅነው ሰው አረፋውንም የተቀዳ ነው ይለናል። እርስዎን የመረጥንዎ ለዚህ ነው። ለመሆኑ ልጠይቅዎት፤ ባለፈው ረቡዕ ምሳ ዕቃው ላይ ብቻዋን የሳቀችው ሴት ማን ናት? ባለቤቴ፣ 'ይቺ ሴት ወይ ባሏን በጣም ትወዳለች፣ ወይ በጣም ትጠላለች' አለች። እስከ እኩለ ሌሊት ተከራከርንባት!»

ሁሉም ሳቁ። ደራሲው ኪሱ ውስጥ ያለውን ስልክ በመዳፉ ያዘ። ሥራ አስኪያጇ ከጠረጴዛው ማዶ ፈገግ ብላ ታየዋለች።

«ታማኝ ተመልካች ናት» አለ። «ከመጀመሪያው ጀምሮ አልተለየችንም።»

ብዕሩን አንሥቶ ፈረመ። ለራሱ የነገረው ምክንያት ነበረው፤ ፊርማው አምስት ደቂቃ ነው፣ አውቶቡሱ ገና ነው፣ እውነቱም አይሸሽም። ፊርማው እንዳለቀ ፎቶግራፍ መጣ፤ ከፎቶግራፉ በኋላ የባለሳሙናው ንግግር፤ ከንግግሩ በኋላ ሻይ። በመስኮቱ በኩል ብርሃኑ ከጠረጴዛው ወደ ወለሉ፣ ከወለሉ ወደ ግድግዳው ሲወጣ ደራሲው ያየው ነበር። ይቅርታ ብሎ መነሣት ይችል ነበር። በየቅጽበቱ ሊነሣ ያስባል፤ በየቅጽበቱም አንድ ሰው ያመሰግነዋል፤ ምስጋና ሲሰማ መነሣትን በዕድሜው አልተማረም። ግድግዳው ላይ የነበረው ብርሃን ሲጠፋ ብድግ ብሎ ወጣ።

ታክሲው በመንገድ መጨናነቅ መሐል እየተንፏቀቀ መናኸሪያ ሲደርስ የጠራው ሰማይ ቀልቶ አልቋል። የእኅቱ ባል ስልክ ዝግ ነው። ደራሲው በሻንጣና በሰው መሐል እየተጋፋ ወደ መጠበቂያው ክፍል ገባ። ረጃጅም የብረት አግዳሚዎች ተደርድረዋል፤ እኅቱ ግድግዳው ጥግ ካለው አግዳሚ ላይ ልጅዋን ይዛ ተቀምጣለች። ጉልበቷ ላይ ጨርቅ የተቋጠረ ምሳ ዕቃ አለ። አውቶቡሱ መሄዱን ያለ ማንም ነጋሪ ዐወቀ።

«ለመንገድ ቋጥሬለት ነበር» አለች ቀና ሳትል። «'እኔና ምሳ ዕቃ ተለያይተናል' ብሎ አግዳሚው ላይ ትቶት ሄደ። እዚህ ነበር የሚቀመጠው አሉ ያኔ። በዚህ በኩል።»

ደራሲው አጠገቧ ተቀመጠ። ያን ጊዜ ነገራት። የአዳራሹን መዘጋት፣ የሳቁን ክምችት፣ ሰምቶ ዐውቆ ማሳለፉን፣ በቀትር ጓዳ ውስጥ መዋሸቱን ሁሉ ሳያስቀር ነገራት። ስልኩን አውጥቶም አሰማት። በመናኸሪያው ጥሩምባና ጥሪ መሐል፣ ወንበሩ ሲጥ አለ፣ ሹክሹክታው መጣ፣ ትንፋሹ አጠረ፣ ሳቁ ተነሣ። እኅቱ ዐይኗን ጨፍና አደመጠች። ደግሞ አሰማኝ አለችው። ደግሞ አሰማት። ልጅቱ የእናቷን ፊት እንጂ ስልኩን አላየችም።

«ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ» አለች እኅቱ በዝግታ። ከዚያ ድምፅዋ ተለወጠ። «ያን ቀን የሳቅኩት ባንተ ቀልድ መስሎህ ነው እስከ ዛሬ?»

«እንዴ... በምን ሳቅሽ ታዲያ?»

«ቀልድህስ አልገባኝም ነበር። መድረኩን አየነዋ። ገንዘብ የለኝም ብለህ ወንበራችንን ወስደህ ነበር፤ መጋረጃችንን ወስደህ ነበር፤ ጠረጴዛችን ሳይቀር እዚያ መብራት በርቶበት ቆሟል። እሱ ወደ ጆሮዬ ጠጋ አለና፣ 'ተመልከቺ፣ ቤቱን ጨርሷል፤ በሚቀጥለው እኔን ነው የሚጭነኝ' አለኝ።» እጇን በምሳ ዕቃው ክዳን ላይ አኖረች። «በሱ ነው የሳቅኩት። ሳቁ የሱ ነው።»

ደራሲው ስልኩን ወደ ጉልበቱ አወረደ። በሥራ ዘመኑ ሁሉ ካገኘው ሳቅ የተመረጠው፣ የሚኮራበት፣ ቀልድ በከሸፈ ቁጥር እየሮጠ የሚያወጣው ያ ሳቅ የእርሱ አልነበረም ማለት ነው። ሸሚዝ በሚያጥፍ ሰው በአንድ ሹክሹክታ የተገኘ ነበር፤ ያንኑ ሰው ለማዋረድም አገልግሏል። እኅቱ ተነሣችና ምሳ ዕቃውን አነሣች። «ለልጄ ላክላት። ለአባቷ ታሰማዋለች» አለችው። ደራሲው ስልኩን ይዞ አመነታ። እዚህ ላይ ነው የሰውየው ነገር ያበቃለት፤ ፀፀቱ ገና ከዐይኑ ሳይደርቅ ውሉ ትዝ አለውና፣ «ብቻ ለሌላ ሰው እንዳታሰሙት፤ ከዚህ እንዳይወጣ» አለ።

እኅቱ ልትሄድ ከፊቱ ዞራ ነበር፤ ቆመች። «ከዚህች ጓዳ እንዳይወጣ፣ አይደል?» አለችው። «ግድ የለህም። እኛ አንጽፍም።»

ልጅቱ በዚያው ማታ ለአባቷ ላከችለት። እኅቱ በማግስቱ በመጀመሪያው አውቶቡስ ተሳፍራ ባሏ ወዳለበት ሄደች፤ ምን እንደተባባሉ የሰማ የለም፤ ወራት ቆይቶ ግን ሰውየው ሻንጣውን ይዞ ወደ ቤቱ ተመለሰ። ቅጂውን ማንም በክፋት አልዘራውም። የባልየው ታናሽ ወንድም ለሚስቱ አሰማ፣ እርሷ ለእኅቷ፤ እንዲህ እያለ ከነታሪኩ ከስልክ ወደ ስልክ ሲሻገር ባለሳሙናው ዘንድ ደረሰ። ፋብሪካው ውሉን ሰረዘ። ጣቢያው ስሙን ለማዳን የተዘጋውን አዳራሽ ከፍቶ «ጎረቤት አይስማ»ን በእውነተኛ ተመልካች ፊት አስቀረጸ። ተመልካቹ ወንበሩን ሞልቶ፣ እጁን አጣጥፎ፣ ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው በጨዋነት ዝም ብሎ ተመለከተ። ድራማው ተዘጋ፤ ደራሲውም ከደራሲነቱና ከአዘጋጅነቱ ተነሥቶ ሌሎች የጻፉትን እያነበበ ፊደል እንዲያርም ምድር ቤት አንድ ጠረጴዛ ተሰጠው።

አሁንም አንዳንድ ቅዳሜ ያን ደረጃ ይወጣል። ኬክ አይዝም። ደወሉን ሲጫን ውስጥ ያለው ጨዋታ ይቆማል፤ በሩ ግን ይከፈትለታል፣ ቦታ ይለቀቅለታል፣ ሳሕኑ ሞልቶ ይቀርብለታል። ስለ ዘይት ዋጋ እንኳ የሚያነሣ የለም። ምግብ ይሰጡታል፤ ቃል አይሰጡትም። በልቶ፣ አመስግኖ ይወጣል። ሁለተኛው ፎቅ ላይ ሲደርስ፣ ከላይ ከተዘጋው በር ጀርባ የአንድ ወንድ ዝቅ ያለ ድምፅ አንድ ነገር ሲል ይሰማል፤ ምን እንዳለ አይለይም። ከዚያ ዘግይቶ፣ ትንፋሽ አጥሮት፣ ያ ሳቅ ይነሣል። ደራሲው መደገፊያውን ይዞ እስኪያበቃ ያዳምጥና ይወርዳል።